የልብ ወለድ ሰዎቻችን ከየት ይመጣሉ?

በተማሪዎች መጽሔት ላይ የሚወጡትን አጫጭር ልብ ወለዶች በተከታታይ ያነበበ ሰው ከጥቂት ጊዜ በኋላ አንድ ነገር ሳይታዘብ አይቀርም። ታሪኩ ይለዋወጣል፤ የደራሲውም ስም ይለዋወጣል፤ ሰዎቹ ግን አይለወጡም። ከገጠር የመጣ ጨዋና ድኻ ተማሪ አለ። ከተማ ያበላሻት ቆንጆ ልጅ አለች። ሆዱን ያስቀደመ ባለሥልጣን ወይም ነጋዴ አለ። ዘመኑ ያለፈበት፣ ነገር ግን ምርቃቱ የሚያስለቅስ ሽማግሌ አባት አለ። አንባቢው ሁለተኛውን ገጽ ሳይገልጥ ማን እንደሚያሸንፍ፣ ማን እንደሚያለቅስ፣ ማንስ እንደሚሞት ዐውቆታል። ከዚያ በኋላ የሚያነበው በይሉኝታ ነው።

ስለዚህ ጉዳይ በመካከላችን ሁለት ዓይነት አስተያየት ሲሰጥ እሰማለሁ። አንደኛው ወገን፣ «ምን ክፋት አለው? ዓለም በሙሉ የሚጽፈው በነዚሁ ሰዎች ነው፤ ጀግናው፣ መካሪው፣ አታላዩና ባላንጣው ከጥንት ጀምሮ የታወቁ ናቸው፤ ዝርዝሩን ይዞ መጻፍ ነው» ይላል። ሁለተኛው ወገን ደግሞ፣ «የተለመደ ሰው ሁሉ ውሸት ነው፤ እውነተኛ ደራሲ ከዚህ በፊት ያልታየ ሰው መፍጠር አለበት» ሲል ይከራከራል። በኔ አስተያየት ሁለቱም ወገኖች ስተዋል። የመጀመሪያው መነሻውን መድረሻ አድርጎታል፤ ሁለተኛው ደግሞ ያለ መነሻ ለመድረስ ይፈልጋል። ይህን ለማስረዳት ከቃሉ ልጀምር።

ምሁራን አርኪታይፕ የሚሉትን ነገር በዚህ ጽሑፍ ጥንተ አምሳል ልበለው። ቃሉን በሥነ ልቡና ትምህርት ያስፋፋው ስዊዘርላንዳዊው ሐኪም ካርል ዩንግ (እ.ኤ.አ. 1875–1961) ነው። በዩንግ አስተሳሰብ ጀግናው፣ ጠቢቡ ሽማግሌ፣ ታላቂቱ እናት፣ አታላዩና እነርሱን የመሳሰሉት አምሳሎች በየሕዝቡ ተረትና በየሰው ሕልም ውስጥ ይመላለሳሉ፤ ምክንያቱም የሰው ልጅ በጋራ የያዛቸው ናቸው። ነገር ግን ዩንግ ራሱ ጥንተ አምሳሉ ባዶ ቅርጽ እንደ ሆነ፣ ይዘት የሚያገኘውም ከሰው ኑሮ እንደ ሆነ አስገንዝቧል። ይህን ሁለተኛውን ቃል ብዙ ሰው ይዘለዋል።

ከዩንግ ሌላ ሩሲያዊው ቭላዲሚር ፕሮፕ እ.ኤ.አ. በ1928 ባሳተመው ጥናት መቶ ያህል የሩሲያ ተረቶችን መርምሮ፣ በውስጣቸው የሚፈጸሙት ድርጊቶች ከ31 እንደማይበልጡ፣ የሰዎቹም ሚና በሰባት እንደሚጠቃለል አሳየ። እነርሱም ጀግናው፣ ባላንጣው፣ ሰጪው፣ ረዳቱ፣ ላኪው፣ ሐሰተኛው ጀግና፣ እንዲሁም የምትፈለገው ልዕልት ከነአባቷ ናቸው። ፕሮፕ አንድ ነገር በጥንቃቄ ለይቷል፤ ይኸውም ሚናና ሰው አንድ አለመሆናቸውን ነው። አንድ ሰው ሁለት ሦስት ሚና ሊይዝ ይችላል፤ አንድም ሚና ለብዙ ሰዎች ሊከፋፈል ይችላል።

ከዚያ በኋላ አሜሪካዊው ጆሴፍ ካምቤል እ.ኤ.አ. በ1949 የዓለምን የጀግና ተረቶች በአንድ መንገድ የሚያስኬድ መጽሐፍ ጻፈ። ጆርጅ ሉካስ እ.ኤ.አ. በ1977 ለሕዝብ ያሳየው «ስታር ዋርስ» የተባለው ፊልም ከዚህ መጽሐፍ ብዙ እንደ ወሰደ ራሱ ባለፊልሙ ተናግሯል። በመጨረሻም ክሪስቶፈር ቮግለር እ.ኤ.አ. በ1992 ሐሳቡን ለጸሐፊዎች የሥራ መምሪያ አድርጎ አቀረበው። ዛሬ በእጃችን የሚዘዋወሩት ዝርዝሮች አብዛኞቹ የዚህ መምሪያ ልጆችና የልጅ ልጆች ናቸው።

እንግዲህ ስሕተቱ የገባው እዚህ ላይ ነው። ፕሮፕ ያደረገው የተነገረውን ተረት መርምሮ አጥንቱን ማውጣት ነበር። የኛ ደራሲ ግን አጥንቱን ይዞ ሰው ሊሠራ ይሞክራል። የቅርጫ በሬ ተበልቶ ሲመደብ ብልቱን በስም መጥራት አንድ ሙያ ነው፤ በሬ ማርባት ግን ሌላ ሙያ ነው። ብልቱን ሁሉ የሚያውቅ ሰው ከብልቱ በሬ መልሶ ሊያቆም አይችልም።

ነገሩን ከሩቅ አገር ምሁራን ብቻ መማር የለብንም። የኛም ተረት በጥንተ አምሳል የተሞላ ነው። አንበሳ ንጉሥ ነው፤ ጦጣ ብልጥ ናት፤ አህያ የዋህ ነው፤ ጅብ ሆዳምና ሞኝ ነው። ተረት ነጋሪዋ እናት፣ «አንድ ጅብ ነበረ» ባለች ጊዜ ሕፃኑ የጅቡን ጠባይ አይጠይቅም፤ ያውቀዋል። ይህ ትልቅ ጥቅም ነው፤ ብዙ ቃል ያድናል። ነገር ግን ይኸው ሕዝብ ስለዚሁ ጅብ የተናገረውን ምሳሌ ልብ በሉ፦ «ጅብ በማያውቁት አገር ሄዶ ቁርበት አንጥፉልኝ ይላል።» በዚህ በአንድ ዐረፍተ ነገር ውስጥ ጅቡ ምን እንደ ሆነ ተመልከቱ። ሆዳምነቱን ሁላችንም እናውቃለን፤ ቁርበት ቢነጠፍለት እንደሚበላውም እናውቃለን። ነገር ግን አሁን ጅቡ ከመብላት ሌላ የሚፈልገው ነገር አለ፤ እንደ ክቡር እንግዳ መቀመጥ ይፈልጋል። የሚፈራውም ነገር አለ፤ የሚያውቀው ሰው እንዳይመጣበት ይፈራል። ስለዚህ ባለታሪክ ሆነ። ይህን ያደረገው ምንድን ነው? ተናጋሪው ጅብነቱን አልሻረም፤ ወደማይታወቅበት አገር ብቻ ወሰደው። ይህን የምሳሌ ተናጋሪ ብልሃት እንያዝ፤ ወደ ኋላ እመለስበታለሁ።

ጥንተ አምሳል ግን የሚበላም ነገር ነው። አለቃ ገብረ ሐናን እንመልከት። እርሳቸው በእውነት የኖሩ የቤተ ክርስቲያን ሊቅ ናቸው፤ በልጃቸው ስም የሚጠራው የተክሌ አቋቋም ከርሳቸው ጋር ተያይዞ ይነገራል። ይሁን እንጂ ዛሬ ከመቶ ሰው አንዱ እንኳ ስለ አቋቋማቸው የሚያውቅ አይመስለኝም። ቀልደኛው፣ አፈ ጮሌው፣ ጌታውንም ሎሌውንም የሚያሳፍረው ሰው የሚባለው ጥንተ አምሳል ሊቁን ውጦ አስቀርቶታል። ሌላ ሰው የተናገረውም ቀልድ ባለቤት ሲያጣ በርሳቸው ስም ይነገራል። ተረቱ አትርፏል፤ ሰውየው ግን ጠፍቷል።

ወደ ልብ ወለዳችን ስንመጣ መንገዱ የተጀመረው በዚሁ በጥንተ አምሳል ነው። አፈወርቅ ገብረ ኢየሱስ በ1900 ዓ.ም. ሮማ ላይ ባሳተሙት፣ በተለምዶ «ጦቢያ» በሚባለው ልብ ወለድ ውስጥ ያሉት ሰዎች ከተረት ብዙ አልራቁም። ለማያውቀው ሰው ገንዘቡን የሚሰጥ ቸር ነጋዴ አለ፤ ውለታ ለመክፈል ከቤቱ የሚወጣ ጨዋ ልጅ አለ፤ ሁሉን የምታስደንቅ ቆንጆ አለች። ደጉ ፈጽሞ ደግ ነው፤ ውቧም ፈጽማ ውብ ናት። ለመጀመሪያ ሥራ ይህ አይነቀፍም። ሆኖም በዚያው ውስጥ እንኳ አንድ እንግዳ ነገር አለ። ጦቢያ ቤት ተቀምጣ የምትፈለግ አይደለችም፤ የወንድ ልብስ ለብሳ ከአባቷ ጋር ወንድሟን ፍለጋ ትወጣለች። መጨረሻዋ የንጉሥ ሚስት መሆን ቢሆንም፣ በመንገድ ላይ የነበረችው ልጅ ከልዕልትነት በላይ ናት።

ይህ ነገር ሙሉ ሰው ሆኖ የሚታየው በ1958 ዓ.ም. በታተመው በሐዲስ ዓለማየሁ «ፍቅር እስከ መቃብር» ውስጥ ነው። መጽሐፉን ያነበበ ሁሉ ሰዎቹን ከጥንተ አምሳል መዝገብ ውስጥ በቀላሉ ያገኛቸዋል። ፊታውራሪ መሸሻ ጨካኙ ጌታ ናቸው። ሰብለ ወንጌል በግንብ ውስጥ የተዘጋችው ልዕልት ናት። በዛብህ ከታች ተነሥቶ ልዕልቲቱን የሚወድ ድኻ ነው። ጉዱ ካሣ እብድ የሚመስለው ጠቢብ ነው። በዚህ ብቻ ቢሆን ኖሮ መጽሐፉ ዛሬ አይነበብም ነበር።

ታዲያ ደራሲው ምን አደረጉ? በዛብህን የሚያግደው የፊታውራሪ ጭካኔ ብቻ አይደለም፤ ወላጆቹ ለእግዚአብሔር የተሳሉት ስለት ነው። ስለቱ የተገባው በክፋት ሳይሆን ልጅን ከመውደድ ነው። ስለዚህ ጀግናው የሚታገለው ባላንጣ በውጭ ብቻ ሳይሆን በሕሊናው ውስጥ፣ በእናቱና በአባቱ ፍቅር ውስጥ ተቀምጧል። ፊታውራሪ መሸሻ ደግሞ ጨካኝ ብቻ ቢሆኑ ኖሮ እንጠላቸውና እንረሳቸው ነበር። ነገር ግን በትውልዳቸው ተመክተው፣ የተቀየረውን ጊዜ ማየት ተስኗቸው፣ በአበጀ በለው መሪነት ያመፁትን ገበሬዎች ሊቀጡ ዘምተው በነዚያው እጅ ሲወድቁ ስናይ፣ ሳቅና ኀዘን ይደባለቅብናል። ጉዱ ካሣም ከውጭ የመጣ ፈራጅ አይደለም፤ ከሚነቅፈው ወገን የተወለደ ነው። ስሙን «ጉዱ» ያለው ራሱ አይደለም፤ ሰዉ ነው። እዚህ ላይ ደራሲው ትልቅ ነገር ይነግሩናል፦ እብዱ ጠቢብ የሚባለው ጥንተ አምሳል በአንድ ሰው ላይ በማኅበሩ የተለጠፈ ስም ሊሆን ይችላል። ሰብለ ወንጌልም ተፈላጊነቷን ትታ ፈላጊ ትሆናለች፤ ልብሷን ለውጣ፣ የመነኩሴ መልክ ይዛ፣ በዛብህን ፍለጋ ወደ አዲስ አበባ ትጓዛለች። በፕሮፕ ሰንጠረዥ ልዕልቲቱና ጀግናው ቦታ ተለዋወጡ ማለት ነው።

ይህን ሁሉ የማነሣው ስለ ድርሰት ውበት ብቻ አስቤ አይደለም። ነገሩ ከድርሰት ይሰፋል። ጥንተ አምሳል በወረቀት ላይ አይቀርም፤ ወደ ሰው ይመለሳል። በአገራችን ብረት ቀጥቃጩ፣ ሸክላ ሠሪዋ፣ ቆዳ ፋቂው ለብዙ ዘመን «ቡዳ» ተብለዋል፤ ሌሊት ጅብ ይሆናሉ ተብሎ ተወርቶባቸዋል። ቤተ እስራኤልም ይኸው ስም ተሰጥቷቸው ኖረዋል። ማረሻውን የሠራለት ሰው፣ የወጥ ድስቷን የሠራችለት ሴት ጅብ ናት ብሎ የሚያምን ገበሬ ይህን ከየት አገኘው? በዓይኑ አይቶ አይደለም። ደጋግሞ ከሰማው ታሪክ ነው። ዐፄ ምኒልክ ባለ እጁን በሥራው የሚሰድበውን ሰው በአዋጅ እስከ መገሠጽ ደርሰዋል፤ ነገር ግን አዋጅ ከሚደርስበት በፊት ታሪክ ይደርሳል።

ይህ የጥንት ነገር ነው የምንል ካለን ዛሬ በመኝታ ክፍላችን የሚሆነውን እንይ። አዲስ ተማሪ ሲገባ ስሙንና የመጣበትን አገር እንሰማና የቀረውን ጠባዩን ራሳችን እንሞላለን። ቁጡ ነው፣ ቋጣሪ ነው፣ ተንኮለኛ ነው፣ ሞኝ ነው እንላለን። ገና አንድ ሌሊት ሳያድር ገጸ ባሕርይ አድርገነዋል። በልብ ወለዳችን ውስጥ ያለችውን የቤት ሠራተኛ ደግሞ አስታውሱ። ወይ ሰርቃ ትጠፋለች፣ ወይ በጌታዋ ልጅ ተታልላ ታለቅሳለች። ሦስተኛ ዕድል የላትም። በየቤታችን ጐንበስ ብላ የምትሠራው ልጅ ሌሊት ምን እንደምታስብ፣ በደመወዟ ምን ልታደርግ እንደ ወጠነች፣ በኛ ላይ ምን እንደምትስቅ የጻፈልን ተማሪ የት አለ?

ታላላቆቹ ደራሲዎች ይህን አደጋ ዐውቀውታል። በሼክስፒር ዘመን በእንግሊዝ ቴያትር ጥቁር ሰው ሲታይ ክፉ መሆኑ የተለመደ ነበር፤ ሼክስፒር ራሱ በቀድሞው ሥራው፣ በ«ታይተስ አንድሮኒከስ» ውስጥ፣ አሮን የተባለውን ጥቁር ሰው የተንኮል ምንጭ አድርጎታል። በኋላ ግን ጸጋዬ ገብረ መድኅን ወደ አማርኛ የመለሱልንን «ኦቴሎ»ን ሲጽፍ ቦታውን አዛወረው። ጥቁሩ የጦር አለቃ ክቡር ሰው ሆነ፤ ተንኮሉም «ሐቀኛው» እየተባለ ወደሚጠራው ወደ ነጩ ኢያጎ ተሻገረ። ተመልካቹ የሚጠብቀውን መልክ ይዞ ወደ ቴያትር ቤት መጣ፤ ደራሲውም በዚያው መልክ ተጠቅሞ ተመልካቹን አስደነገጠው። ጥንተ አምሳል የሚጠቅመው እንዲህ ሲሆን ነው። የአንባቢውን ግምት ሳያውቁ ግምቱን መስበር አይቻልም። ስለዚህ ጥንተ አምሳልን እንጣለው የሚለውን ወገን በበኩሌ አልደግፈውም። ቅኔ ያለ ሰም አይሆንም፤ ወርቅ የሌለበትን ሰም ግን ቅኔ ነው ብሎ የሚቀበል መምህር የለም።

እንግዲህ ምን ይደረግ? እኔ ሦስት ጥያቄዎችን አቀርባለሁ።

አንደኛው ከጅቡ የተማርነው ነው፦ ይህ ሰው በማይታወቅበት ቦታ ምን ይሆናል? ሁለተኛው፦ ጥንተ አምሳሉ የማይሰጠው ምን ፍላጎት አለው? ሦስተኛው፦ ታሪኩን ራሱ ቢናገር ኖሮ እንዴት አድርጎ ይናገረው ነበር? በዚህ በሦስተኛው ጥያቄ ፊት ክፉ ሰው ሆኖ የሚቀር ጥቂት ነው፤ ጉቦ የሚበላውም ባለሥልጣን በራሱ ታሪክ ውስጥ ዘመድ አዝማዱን የሚያኖር ደግ ሰው ነው።

ለምሳሌ ያን ሽማግሌ አባት እንውሰድ። እንደ ተለመደው ቢሆን በሬውን ሸጦ ልጁን ያስተምራል፤ ልጁ ከተማ ገብቶ ይረሳዋል፤ አባቱ ይሞታል፤ ልጁ ያለቅሳል። አሁን ይህን አባት ወደማይታወቅበት ቦታ እንውሰደውና በዩኒቨርሲቲ በር ላይ እናቁመው። በአገሩ ሁለት ወገን ሲጣላ የሚያስታርቅ፣ ሲናገር የሚደመጥለት ሰው ነው። እዚህ ግን ዘበኛው መታወቂያ ይጠይቀዋል፤ ዳር ቁም ይለዋል። ከበሩ የሚወጡትን ተማሪዎች ጫማ ያያል፤ የራሱንም እግር ያያል። ዘበኛው፣ «ማንን ፈልገው ነው?» ብሎ ሲመለስ አባትየው፣ «ማር የሚገዛ ሰው ባገኝ ብዬ ነው» ይላል። የልጁን ስም አይጠራም። ማሩን ለልጁ ነበር ያመጣው፤ አሁን በተጠየቀው ዋጋ ሸጦት ይመለሳል። ለአገሩ ሰው ግን፣ «አገኘሁት፣ ደኅና ነው» ይላል።

ይህ ሰው ያው ባላገሩ አባት ነው፤ ድኽነቱም፣ ፍቅሩም፣ ክብሩም አልተነካም። ነገር ግን ጥንተ አምሳሉ ያልሰጠው አንድ ፍላጎት አግኝቷል፤ ይኸውም ልጁን ላለማሳፈር መፈለግ ነው። ከዚያ ፍላጎት የተነሣ ዋሽቷል፤ ሁለት ጊዜ ዋሽቷል። ልጁም በዚህ ታሪክ ውስጥ ውለታ ቢስ አልሆነም፤ አባቱ መምጣቱንም አላወቀም። ማንም ክፉ ሳይሆን ኀዘኑ ግን አለ። አንባቢው ከዚያ ወዲያ በበሩ ሲያልፍ ዳር የቆመውን ሽማግሌ ዞር ብሎ ቢያየው፣ ድርሰቱ ሥራውን ሠርቷል።

በዚህ አስተሳሰብ ላይ ሊነሣ የሚችለውን ክርክር ዐውቃለሁ። አጭር ልብ ወለድ ቦታ የለውም፤ ሰውን ሁሉ ሙሉ ማድረግ አይቻልም ይባላል። ይህ እውነት ነው። እንግሊዛዊው ደራሲ ኢ. ኤም. ፎርስተር እ.ኤ.አ. በ1927 ባሳተመው መጽሐፍ ገጸ ባሕርያትን ዝርግና ድቡልቡል ብሎ ሲከፍል፣ ዝርጎቹ ጨርሰው አያስፈልጉም አላለም። ከላይ ባልኩት ታሪክ ውስጥ ዘበኛው ዘበኛ ብቻ ቢሆን ምንም አይጐዳም። ነገር ግን ታሪኩ የተሸከመው ሰው፣ ማለት ደስታውም ጉዳቱም የሚወድቅበት ሰው፣ ዝርግ ሊሆን አይገባውም።

ሌላው ክርክር ስለ ስላቅ ነው። ተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያም የአማርኛን የመጀመሪያ ቴያትር ሲጽፉ አውሬዎችን ነበር ያናገሩት፤ «ፋቡላ፣ የአውሬዎች ኮሜዲያ» ማለትም ይኸው ነው። አውሬዎቹ ጥንተ አምሳል ነበሩ፤ ሆኖም የዘመኑ ሹማምንት ራሳቸውን ስላዩባቸው በንግሥት ዘውዲቱ ዘመን (1909–1922 ዓ.ም.) ቴያትሩ ታገደ። እንግዲህ ጥንተ አምሳል ኃይል የለውም ማን አለ? ይባል ይሆናል። ኃይልስ አለው። ነገር ግን ተክለ ሐዋርያት ቅርጹን ያነሡት በኃይለኛው ላይ ነው። ኃይለኛውን ጅብ ማለት ድፍረት ነው፤ ሸክላ ሠሪዋን ጅብ ማለት ግን ድፍረት አይደለም፤ ሁሉም ሲላት የኖረውን መድገም ነው። ስለዚህ የተለመደ መልክ ለማንሣት ስናስብ በማን ላይ እንደምናነሣው እንጠይቅ።

ጓደኞቼ ሆይ፤ እኛ ከየአገሩ ተሰብስበን በአንድ ግቢ የምንኖር ነን። ምናልባት በሕይወታችን ዳግመኛ ይህን ያህል የተለያየ ሰው በአንድ ጣራ ሥር አናገኝም። በምግብ ቤት ሰልፍ ላይ ከፊታችን የቆመው፣ በቤተ መጻሕፍት ከጐናችን የተቀመጠችው ሁሉ ከዝርዝሩ ውስጥ ያልተጻፈ አንድ ነገር ይዘዋል። በሚቀጥለው እትም ላይ የቤት ሠራተኛይቱን፣ ዘበኛውን፣ የመንደር ነጋዴውን፣ ከሩቅ አገር የመጣውን የመኝታ ክፍል ጓደኛ እናንብብ፤ ነገር ግን ሲመጡ አስቀድመን የምናውቃቸው ሆነው አይምጡ። ከጥንተ አምሳል ተነሡ፤ አትከልከሉ። እዚያው ግን አትደሩ።